ስለ ሻጋታ ስልክ ሲደወል፦ የእንግሊዝ ማኅበራዊ ቤት አከራዮች ከአዲሶቹ ደንቦች ጋር እንዴት ይራመዱ

በእንግሊዝ አዲስ የቤት ደንብ በወጣ ቁጥር ማኅበራዊ ቤት፣ ማለትም በዝቅተኛ ኪራይ የሚሰጥ ቤት፣ የሚያከራዩ ብዙ የቤት ማኅበራትና ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) ሥራ የሚጀምሩት ፖሊሲ ከመከለስ ነው። ሰነዱ ይጻፋል፣ ቦርዱ ያጸድቀዋል፣ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ ግን የቀድሞውን ቅጽ መሙላቱን፣ ጠጋኙም የቀድሞውን የሥራ ትእዛዝ መቀበሉን ይቀጥላሉ። ደንቡ የሚጣሰው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚነሳው ከስልኩ ነው፤ ፖሊሲው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ማሳያችን የአዋብ ሕግ ነው፤ አከራዮች እርጥበትንና ሻጋታን በተወሰነ ጊዜ መርምረው እንዲያስወግዱ የሚያስገድድ፣ በሻጋታ ምክንያት በሞተ ሕፃን ስም የተጠራ ሕግ ነው። የጊዜ ገደቡ ጥብቅ ስለሆነ ለእሱ የተዘጋጀ አከራይ ተከትለው ለሚመጡት ደንቦችም መንገዱን አብሮ ይጠርጋል።

አዋብ ኢሻቅ የ2 ዓመት ሕፃን ነበር። በዲሴምበር 2020 ሮችዴል ከተማ ውስጥ ሞተ፤ ለሞቱ ምክንያት የሆነው ቤታቸው ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆየው ሻጋታ መሆኑን በኖቬምበር 2022 የተጠናቀቀው የሞት ምርመራ አረጋገጠ። አባቱ ስለ ሻጋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ያመለከተው በ2017 ነበር፤ የተሰጠው መልስ ቀለም ቀባበት የሚል ነው። ኋላ ጉዳዩ በጠበቃ ሲያዝ ደግሞ ከጠበቆቹ ጋር ስምምነት እስኪደረስ ጥገናው ቆመ። አከራዩ ስለ ቤተሰቡ አኗኗር ያልተገባ ግምት ወስዶ እንደነበር በኋላ አምኗል። እነዚህ ሦስት ስህተቶች፣ ማለትም ቀለም መቀባት፣ በክርክር ሰበብ ሥራ ማቆም፣ ተከራዩን መውቀስ፣ ዛሬም በየቢሮው አሉ። ከታች በየቦታቸው እንመለስባቸዋለን።

የአዋብ ሕግ የተካተተበት የማኅበራዊ ቤቶች ቁጥጥር ሕግ በጁላይ 2023 ጸደቀ። የአዋብ ሕግ ዝርዝር ደንብ ደግሞ ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 ጀምሮ ይሠራል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚሸፍነው ጉልህ ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉ እርጥበትንና ሻጋታን፣ እንዲሁም ማናቸውንም ድንገተኛ አደጋዎች ነው። የሚመለከተው በኪራይ ውል የተያዙ ማኅበራዊ ቤቶችን ሲሆን በጋራ ባለቤትነት የተሸጡትን አይጨምርም። በፈቃድ ብቻ የሚኖርባቸው መጠለያዎችም ከዚህ ውጭ ናቸው። ግዴታው እያንዳንዱ የኪራይ ውል ውስጥ እንደተጻፈ ይቆጠራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ተከራዩ ቀኑ ሲያልፍ ውል ፈረሰ ብሎ በቀጥታ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል ማለት ነው።

ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መቼ ነው?

ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ነው። ሰዓቱ የሚነሳው ተከራዩ ቅጽ ሲሞላ ሳይሆን አከራዩ ሲያውቅ ነው። አከራዩ ደግሞ በብዙ አፍ ይሰማል። ቦይለር ሊያይ የገባ የጋዝ ባለሙያ መኝታ ቤት ውስጥ ጥቁር ግድግዳ አይቶ ለአለቃው ቢነግር፣ የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ቢያመለክት፣ የልጁ ትምህርት ቤት ወይም የጤና ጎብኚዋ ደብዳቤ ብትልክ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የእርጥበት መለኪያ መልእክት ቢልክ፣ ሁሉም ማወቅ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መረጃ የሚገባባቸውን በሮች መቁጠር ነው። አንድ ወረቀት ላይ ወደ ተከራይ ቤት የሚገባውን ሰው ሁሉ ጻፉ፦ ጠጋኝ፣ ጋዝ ባለሙያ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ የቤት ኪራይ ሰብሳቢ፣ የድጋፍ ሠራተኛ፣ ተባይ አጥፊ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ “ሻጋታ ቢያይ ለማን ይናገራል? በስንት ሰዓት ውስጥ?” ብላችሁ መልሱን ሙሉ። ባዶ የቀረው መስመር ቀዳዳችሁ ነው። ኮንትራክተሮች ያዩትን በዚያው ቀን እንዲያሳውቁ ውላቸው ውስጥ ይግባ። ሪፖርቱ የሚደርሰው የጋራ የኢሜይል ሳጥን በየሥራ ቀኑ የሚከፍተው ተረኛ ይኑረው። ሪፖርት በአንድ ሰው የግል ኢሜይል ውስጥ ሁለት ሳምንት ሲተኛ፣ ሰውየው ፈቃድ ላይ ነበር ማለት ማስተባበያ አይሆንም።

ቀኖቹን መቁጠር

ድንገተኛ አደጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርምሮ አደጋው መወገድ አለበት። ይህ የሰዓት እንጂ የሥራ ቀን ቆጠራ አይደለም፤ ዓርብ ማታ የመጣው ቅዳሜ ማታ ያልቃል። ጋዝ ማፍሰስ፣ የተራቆተ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ውሃ ሙሉ በሙሉ መቋረጥ፣ የማይዘጋ የውጭ በር፣ ከባድ የውሃ ፍሳሽ፣ የተከራዩን አተነፋፈስ የነካ የተስፋፋ ሻጋታ እዚህ ይመደባሉ።

ድንገተኛ ያልሆነው፣ ግን ጉልህ ጉዳት ሊያመጣ የሚችለው፣ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይመረመራል። ምርመራው ባለቀ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ውጤቱ በጽሑፍ ለተከራዩ ይደርሳል። በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ደግሞ ቤቱ ከአደጋ ነፃ ይደረጋል። ችግሩ ተመልሶ እንዳይመጣ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሥራም በዚያው 5 ቀን መጀመር አለበት፤ ካልተቻለ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ግን በ12 ሳምንት ውስጥ ሥራው መሬት ላይ መጀመር አለበት።

በምሳሌ እንየው። ሪፖርቱ ሰኞ ኖቬምበር 3 ቀን 2025 ደረሰ እንበል። የመጀመሪያው ቀን ማግስቱ ማክሰኞ ነው፤ የምርመራው የመጨረሻ ቀን ሰኞ ኖቬምበር 17 ይሆናል። መርማሪው ረቡዕ ኖቬምበር 12 ሄዶ ቢጨርስ ግን የሚቀጥሉት ቀኖች የሚቆጠሩት ከ17 ሳይሆን ከ12 ነው፦ ደብዳቤው እስከ ሰኞ 17፣ አደጋ ማስወገዱ እስከ ረቡዕ 19። ቀጠሮን ማፋጠን ለተከራዩ ጥሩ ነው፤ ከኋላ ያለው የጥገና ቡድን ካልተዘጋጀ ግን ፍጥነቱ ራሱ ያስቀጣል። ሶፍትዌራችሁ ሦስቱንም ቀኖች በራሱ ማስላት አለበት፤ ቅዳሜን፣ እሑድንና የሕዝብ በዓላትን መዝለል፣ ከምርመራው ማለቂያ ቀን መነሳትም ይኖርበታል። ብዙ ሲስተሞች ሁሉንም ነገር ሪፖርቱ ከገባበት ቀን ይቆጥራሉ። ኤክሴል ላይ በእጅ አስልታችሁ ከሲስተሙ ውጤት ጋር አስተያዩ፤ በተለይ በገና ሰሞን የገባ ሪፖርት ወስዳችሁ ሞክሩት።

ስልኩ ላይ ምን ይጠየቅ?

ድንገተኛውን ከሌላው የሚለየው የመጀመሪያው ንግግር ነው። ስልክ ተቀባዩ ሐኪምም ሰርቬየርም (የሕንፃ መርማሪም) መሆን የለበትም፤ ዘጠኝ ጥያቄ ግን ከፊቱ ይኑር። ሻጋታው የትኛው ክፍል ነው? ስፋቱ መዳፍ ያህል ነው ወይስ በር ያህል? ከመቼ ጀምሮ? እዚያ ክፍል ማን ይተኛል? ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት፣ የአስም ወይም ሌላ የመተንፈሻ ሕመም ያለበት አለ? አሁን መተንፈስ የተቸገረ አለ? ውሃው ሶኬት ወይም መብራት አጠገብ ይደርሳል? ማሞቂያው ይሠራል? ከዚህ በፊት አመልክታችኋል?

“ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ሲስተሙ ላይ አለ” ብሎ ጥያቄውን መዝለል የተለመደ ነው። ሲስተሙ ላይ ያለው ግን ውል ሲፈረም የተሞላው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ልጅ ተወልዶ፣ አያት መጥታ ሊሆን ይችላል። ሕጉ አደጋውን የሚመዝነው እዚያ ቤት በሚኖሩት ሰዎች ሁኔታ ስለሆነ ያው አንድ ሜትር ሻጋታ ለጤናማ ጎልማሳና ለአስም በሽተኛ ሕፃን አንድ አይደለም። መልሱን ጠይቁ፣ ጻፉ፣ የተጻፈበትን ቀንም አስፍሩ። እንግሊዝኛ የማይቀናው ተከራይ ሲደውል አስተርጓሚ ይቅረብ፤ የ10 ዓመት ልጅ ስለ እናቱ ሕመም እንዲያስተረጉም ማድረግ የተሳሳተ መረጃ ከመሰብሰብም በላይ ነውር ነው።

ምርመራው በፎቶ ወይም በቪዲዮ ጥሪ ሊደረግ ይችላል። ተከራዩ በአካል ኑልኝ ካለ ግን በአካል መሄድ ግዴታ ነው። ይህን መብቱን የፎቶ መጠየቂያው መልእክት ላይ ራሱ ጻፉት።

ቤቱ ውስጥ

“አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል” የሚባለው ለእርጥበት ምርመራ የተነገረ ይመስላል። ምልክቱ የታየበት ቦታና ምንጩ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው።

በመስኮት ዙሪያ፣ በውጭ ግድግዳ ማዕዘንና ከቁም ሣጥን ጀርባ የሚወጣ ጥቁር ነጠብጣብ አብዛኛውን ጊዜ ከጤዛ ነው፤ ሞቃት አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ግድግዳው ያልበዋል። ከዝናብ በኋላ የሚሰፋ እድፍ ከውጭ የሚገባ ውሃ ነው፤ የተደፈነ አሸንዳ፣ የተሰነጠቀ ልስን፣ የተንሸራተተ የጣሪያ ሸክላ ፈልጉ። ከወለል ተነስቶ አንድ ሜትር ገደማ ላይ እንደ ማዕበል መስመር የሚቆምና ነጭ ጨው የሚተው ደግሞ ከመሬት የሚሳብ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ከሚባለው እጅግ ያነሰ ጊዜ ነው የሚያጋጥመው። ከመሬት ነው ከማለታችሁ በፊት የገንዳውን ሥርና የማሞቂያ ቧንቧውን እዩ። ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ከዞኮሎ በላይ ያለውን ልስን ልክ እንደዚያው ያረጥባል።

መርማሪው የአየር እርጥበት መለኪያ፣ የግድግዳ ሙቀት የሚለካ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትርና የግድግዳ እርጥበት መለኪያ ይያዝ። ቁጥሮቹን እንዲህ ማንበብ ይቻላል፦ ክፍሉ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ከሆነ ጤዛ የሚወርደው 12 ዲግሪ ገደማ በሆነ ገጽ ላይ ነው። ሻጋታ ግን ጤዛ እስኪወርድ አይጠብቅም፤ ግድግዳው አጠገብ ያለው አየር እርጥበቱ 80 በመቶ አካባቢ ላይ ከቆየ ይበቅላል። በዚህ ክፍል ያ የሚደርሰው ግድግዳው 15 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ማዕዘኑ 13 ዲግሪ ካሳየ ተከራዩ ምንም ያህል ቢወለውል ሻጋታው ይመለሳል፤ ጉድለቱ የግድግዳው የሙቀት መጠበቂያ (ኢንሱሌሽን) ነው። በፒን የሚሠራው የግድግዳ መለኪያ ጨው ባለበት ልስን ወይም አልሙኒየም ባለበት የግድግዳ ወረቀት ላይ በሐሰት ከፍ ያለ ቁጥር ስለሚሰጥ በእሱ ብቻ አትፍረዱ።

ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ፋን። ተከራዩ ፋኑ ይሠራል ይላል፤ ድምፁም ይሰማል። አንድ ቁራጭ ሶፍት ወደ መረቡ አስጠጉ፤ ይዞ ካላስቀረው አየር እያወጣ አይደለም። የእንግሊዝ የሕንፃ ደንብ መመሪያ ሲያስፈልግ ብቻ ለሚበራ የመታጠቢያ ቤት ፋን በሴኮንድ 15 ሊትር፣ ለማብሰያ ቤት ከምድጃው አጠገብ ከሆነ 30፣ ሌላ ቦታ ከሆነ 60 ሊትር ያስቀምጣል። ምንም የማያወጣ ፋን ሲከፈት በአብዛኛው መረቡ በአቧራ ተደፍኖ፣ ቱቦው ጣሪያ ውስጥ ተጣጥፎ ወይም የውጭ ክዳኑ ቀለም ተቀብቶ ተጣብቆ ይገኛል። የበሩንም ሥር እዩ፤ ከወለሉ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከሌለ ፋኑ የሚስበው አየር አያገኝም። አዲስ ምንጣፍ ሲነጠፍ ይህ ክፍተት ይጠፋል፤ ማንም ልብ አይለውም።

“ልብስ ቤት ውስጥ ስለምታሰጡ ነው” የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከሪፖርት ቅጻችሁ አስወጡት። ሰው ይታጠባል፣ ያበስላል፣ ልብስ ያሰጣል፤ ቤት የሚሠራው ለዚህ ነው። የተከራዮችን ቅሬታ የሚያየው የቤቶች እንባ ጠባቂ በኦክቶበር 2021 ባወጣው የእርጥበት ሪፖርት አከራዮች ጥፋቱን በተከራይ አኗኗር ላይ ማላከክ እንዲያቆሙ በግልጽ ነግሯቸዋል። ቤቱ ተጨናንቆም ቢሆን የመመርመርና የማስወገድ ግዴታው አይቀርም።

አደጋ ማስወገድና መጠገን

5 ቀኑ የተሰጠው አደጋውን ለማስወገድ እንጂ ጣሪያ ለመቀየር አይደለም። ሻጋታው በፀረ ሻጋታ ፈሳሽ ይታጠብ፤ በደረቁ በብሩሽ መፈግፈግ ስፖሩን (የሻጋታውን ዘር) ክፍሉ ውስጥ ይበትነዋል። በዚሁ ጉብኝት የሚፈስሰው ይዘጋ፣ ፋኑ ይቀየር፣ ማሞቂያው ይስተካከል። ቀለም የሚመጣው ምንጩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ለሚቀረው ትልቅ ሥራ፣ ለምሳሌ ለሙቀት መጠበቂያ ወይም ለጣሪያ፣ የ12 ሳምንቱን ቀን ካላንደር ላይ ጻፉ፤ ከላይ ባለው ምሳሌ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2026 መሆኑ ነው። መሰላልና መቆሚያ እንጨት የሚያቀርበው ኮንትራክተር ስድስት ሳምንት ጠብቁ ካለ ግማሹ እንደሄደ ቁጠሩት።

ለተከራዩ የሚላከው ጽሑፍ አራት ነገር ይዞ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ ምን ተገኘ፣ ምን ይሠራል፣ መቼ ይሠራል፣ ማንን ማነጋገር ይቻላል። ምንም የሚሠራ የለም ከተባለም ምክንያቱ ይጻፍ። መርማሪው ቤቱ ውስጥ እያለ ታብሌቱ ላይ ቢሞላው 3 ቀኑ አያስጨንቅም፤ ቢሮ ተመልሼ እጽፈዋለሁ ሲባል ነው የሚያልፈው።

በጊዜው ቤቱን ከአደጋ ነፃ ማድረግ ካልተቻለ አከራዩ በራሱ ወጪ ለቤተሰቡ ተስማሚ ጊዜያዊ ማረፊያ ያቀርባል። ችግሩ ሲመጣ ሆቴል ፍለጋ መሯሯጥ ከንቱ ነው። ማብሰያ ያላቸው፣ ለዊልቸር የሚመቹ ክፍሎች የሚገኙባቸውን ቦታዎች አስቀድማችሁ ተዋዋሉ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ወጪውን የሚያጸድቀው ተረኛ ኃላፊም ሥልጣኑ በጽሑፍ ይሰጠው።

በር ሳይከፈት ሲቀር፣ ክርክር ሲነሳ

ሕጉ ምክንያታዊ የሆነውን ሁሉ ላደረገ አከራይ መከላከያ ይሰጣል። የሚጠቅመው ግን ማስረጃ ላለው ነው። “ሄድን፣ ሰው የለም” ተብሎ የተጻፈ መስመር ምንም አያስረዳም። ቀጠሮው ከተከራዩ ጋር መስማማቱ፣ የተሞከረበት ቀንና ሰዓት፣ የበሩ ፎቶ፣ የተተወው ካርድ፣ የተላከው የጽሑፍ መልእክት፣ የማታ ወይም የቅዳሜ አማራጭ መሰጠቱ ይመዝገብ። ሁለት ጊዜ ከሞከራችሁ በኋላ ፋይሉን አትዝጉት፤ ለምን እንደማይከፈት የሚያጣራ ሌላ ሰው ላኩ።

ተከራዩ ጠበቃ ከያዘም ጥገናው ይቀጥል። ጠበቃው ወይም የእሱ ባለሙያ ቤቱን አስቀድሞ ማየት ከፈለገ ቀን ይቆረጥለት፣ ፎቶ ይነሳ፤ የሕግ ክፍሉ ግን ሥራ የማቆም ሥልጣን አይኑረው። የሮችዴሉን ነገር አስታውሱ።

ቅሬታም ሌላ ሰዓት አለው። ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሕጋዊ ኃይል ያገኘው የእንባ ጠባቂው የቅሬታ ደንብ ቅሬታው መድረሱን በ5 የሥራ ቀን፣ የመጀመሪያውን መልስ ከዚያ በ10፣ ይግባኙን በ20 የሥራ ቀን እንድትሰጡ ያዛል። ተከራዩ “ቅሬታ” የሚለውን ቃል ባይጠቀምም ቅር መሰኘቱን ከገለጸ ቅሬታ ነው። የጥገናና የቅሬታ ፋይሎች ካልተያያዙ፣ ሥራው ሳይሠራ “ተፈጽሟል” የሚል መልስ ይወጣል፤ እንባ ጠባቂው ደጋግሞ የሚያገኘውም ይህንኑ ነው።

ተከትለው የሚመጡት

መንግሥት ባወጣው ዕቅድ በ2026 ሕጉ ከመጠን ያለፈ ቅዝቃዜንና ሙቀትን፣ መውደቅን፣ የግንባታ መደርመስን፣ እሳትን፣ ኤሌክትሪክንና የንጽሕና ጉድለትን ይጨምራል፤ በ2027 ከመጨናነቅ በስተቀር የቀሩት አደጋዎች ይገባሉ። ስለዚህ ቅጹ ላይ “ሻጋታ” የሚል አንድ ሳጥን ከማስቀመጥ በእንግሊዝ የቤት አደጋ ምዘና ሥርዓት ውስጥ ያሉት 29 አደጋዎች የሚመረጡበት ዝርዝር አሁኑኑ አስገቡ። ገና ባይጠየቅባችሁም ስንት ደረጃ የተሰበረ፣ ስንት ቤት የማይሞቅ እንዳላችሁ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። የማኅበራዊ ቤቶች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከ1,000 ቤት በላይ ያላቸውን አከራዮች በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ሲመረምርና ከሲ1 (ከምርጡ) እስከ ሲ4 ደረጃ ሲሰጥ ቶሎ የሚጠይቀው የቤቶቻችሁን ይዞታ ማወቃችሁን ነው። ብዙ ጊዜ ያለው መረጃ ከጥቂት ቤቶች ናሙና ተነስቶ ለሌላው የተገመተ ነው፤ ግምቱን ከተለካው በዓምድ ለዩት።

የኤሌክትሪክ ደንቡ ለማኅበራዊ ቤቶች አዲስ ውል ከኖቬምበር 1 ቀን 2025፣ ለነባር ውል ደግሞ ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ይሠራል፦ በየ5 ዓመቱ ምርመራ፣ የተገኘው ጉድለት በ28 ቀን ወይም ሪፖርቱ አጭር ጊዜ ካለ በዚያ ውስጥ ማስተካከል። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ሥራው ሳይሆን በር ማስከፈቱ ነው። የጋዝ ምርመራ በየዓመቱ ግዴታ ስለሆነ ኤሌክትሪሺያኑን ከጋዙ ባለሙያ ጋር በአንድ ቀጠሮ ላኩ፤ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያዎቹንም በዚያው ይፈትሹ፣ የመኝታ ቤቱን ማዕዘንም ይዩ። የማያስከፍት ቤት ሲኖር ፍርድ ቤት ለመሄድ ወራት ስለሚፈጅ ክትትሉን ምርመራው ጊዜው ከማለፉ ከሦስት ወር በፊት ጀምሩ።

ይህ ሁሉ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ከሠራ በኋላ ፖሊሲውን ጻፉ። በዚያን ጊዜ ስልክ ተቀባዩ የትኛውን ጥያቄ እንደሚዘል፣ ደብዳቤው የት እንደሚዘገይ፣ የትኛው ኮንትራክተር ዓርብ ከሰዓት ስልክ እንደማያነሳ ታውቃላችሁ። ለቦርዱ በየወሩ የሚቀርበውም አማካይ የምርመራ ቀን አይሁን፤ አማካይ 7 ቀን ከሆነ ሁሉም ጥሩ ይመስላል፣ 31 ቀን የጠበቀው ቤት ግን ውስጡ ተደብቋል። ገደቡን ያለፉት ቤቶች አንድ በአንድ ይዘርዘሩ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ስንት ቀን እንዳለፈ፣ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር፣ ዛሬ ጉዳዩ በማን እጅ እንዳለ ይጻፍ።